«ተቹ ሞቷል» ተባልኩ፤ አዲስ ከመግዛቴ በፊት በተርሚናል ልፈትነው ፈለግኩ

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ሳር ቤት ትንሽ ካፌ አላት። ትዕዛዝ የሚመዘገበው በ15 ኢንች ተች ስክሪን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ዙቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ዓይነት) የጫንኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገር ሲበላሽ የምወቀሰውም እኔ ነኝ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለኩሽና ሁለተኛ ስክሪን ከገጠምን ወዲህ ተቹ ቦታ ይስታል። ላይኛው ግራ ጥግ ላይ ስነካ ይታዘዘኛል። ወደ ቀኝ ስል ግን ቀስቱ ከፊቴ ይጠፋል። ዞር ብዬ ሳይ ኩሽናው ስክሪን ላይ ቆሟል። ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ማንም ሳይነካው ራሱ ያዝዛል። ቅዳሜ ጠዋት 14 ማኪያቶ ኩሽና ገባ። ካፌው ውስጥ የነበረው ደንበኛ አንድ ነው፤ እሱም ሻይ ነበር ያዘዘው።

የጠራነው ባለሙያ አምስት ደቂቃ አይቶ «ተቹ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» አለን። ዋጋውን ስሰማ እኔም ልሞት ምንም አልቀረኝም። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ከተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ሆኜ ጤንነቱን የማይበት መንገድ አለ?

ዝም_ብዬ_አንባቢ · ማታ 2፡21

ወንድሜ፣ ዊንዶውስ ጫንበትና ተገላገል።

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ማታ 2፡24

እህትህ ነኝ። ዊንዶውስም አልጭንም።

ጥቁር_መስኮት · ማታ 2፡50

እህቴ፣ እንዳትገዙ። የሞተ ተች ቦታ አይስትም፤ ዝም ነው የሚለው። ያንቺው እያወራ ነው፤ የሚሰማው ነው የጠፋው።

መጀመሪያ አንድ ነገር። በመድረኩ ደንብ መሠረት ሁሉም በፊደላችን ስለሚጻፍ ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የማስቀምጥልሽ። ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ጻፊያቸው። ባለፈው አንዱ ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳይመልስ ትዕዛዝ ሲጽፍ «አልተገኘም» አለው፤ ሳምንት ሙሉ ሊኑክስን ሲሰድብ ከረመ።

አሁን ይህን ጻፊ፦ ካት /ፕሮክ/ባስ/ኢንፑት/ዲቫይስስ። ከርነሉ (የሊኑክስ ዋናው እምብርት) የሚያውቃቸው መግቢያ መሣሪያዎች በሙሉ ይዘረዘራሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንቀጽ። በኤን የሚጀምረው መስመር ስሙ ነው። በኤች የሚጀምረው ውስጥ «ኢቨንት» ከሚለው ጋር የተጣበቀ ቁጥር አለ፤ እሱን ማስታወሻ ላይ ያዢ። ከዚያ «ፕሮፕ» የሚለውን ፈልጊ። 2 ከሆነ ተች ስክሪን ነው፤ ጣት ያረፈበት ቦታ ራሱ የሚቆጠርበት ማለት ነው። 1 ወይም 5 ከሆነ የላፕቶፕ ተችፓድ ነው። 0 ከሆነ ተራ ማውስ ወይም ኪቦርድ ነው። ብዙ ሰው ስሙን አይቶ ይገምታል። ስም አይታመንም። ፕሮፕን እመኚ።

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

ካፌው ውስጥ ነኝ። አንድ ስክሪን ሆኖ ሳለ ሁለት አንቀጽ አለው! ስማቸው አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ኢቨንት 5፣ ሌላው ኢቨንት 6። ኢቨንት 6ን መርጬ መመልከቻ ፕሮግራም ከፈትኩበት (ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ኢቭቴስት የሚባል)። ጣቴ እስኪያመኝ ስክሪኑን ነካካሁት፤ ምንም። ጭጭ። ሰውየው እውነቱን ነው ማለት ነው?

ጥቁር_መስኮት · ጠዋት 3፡12

ፕሮፑ ስንት ነው የሁለቱም?

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ጠዋት 3፡14

የ5ቱ 2። የ6ቱ 0። አሃ።

ጥቁር_መስኮት · ጠዋት 3፡30

አሃ ነው። አንዳንድ ተች በአንድ ዩኤስቢ ሽቦ ሁለት ሰው ሆኖ ይመጣል። አንዱ እውነተኛው ተች ነው። ሌላው ተች ለማያውቅ ኮምፒውተር ማውስ መስሎ የሚቀርብ ነው። አንቺ ያናገርሽው የተኛውን ነው።

ሌላም ነገር ልብ በይ። የኢቨንት ቁጥር ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወይም ሽቦው ተነቅሎ ሲሰካ ሊቀየር ይችላል። ዛሬ 5 የሆነው ነገ 7 ሊሆን ነው። የማይቀየረውን ስም /ዴቭ/ኢንፑት/ባይ-አይዲ ውስጥ ታገኚዋለሽ።

አሁን ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማለት ነው) ኢቭቴስት በይና 5ን ምረጪ። መጀመሪያ መሣሪያው ምን ምን መናገር እንደሚችል ይዘረዝራል። «ባስ» የሚለው ቁጥር ከየት እንደተሰካ ይነግርሻል፦ 3 ዩኤስቢ፣ 11 የድሮው ፒኤስ2፣ 18 የላፕቶፕ ውስጥ መስመር። ቀጥሎ የኤክስና የዋይ ትንሹና ትልቁ ዋጋ ይመጣል፤ እነሱን ጻፊያቸው። ከዚያ አንዴ ብቻ፣ በአንድ ጣት፣ መሀሉን ንኪ። የሚወጣውን ላኪልን።

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ጠዋት 3፡48

ትልቁ ዋጋ ለሁለቱም 4095። አንዴ ነክቼ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልጻፍ፦

ትራኪንግ አይዲ 412
ፖዚሽን ኤክስ 2031
ፖዚሽን ዋይ 2077
ቢቲኤን ተች 1
ሲን ሪፖርት
(ጣቴን ሳነሳ)
ትራኪንግ አይዲ -1
ቢቲኤን ተች 0
ሲን ሪፖርት

-1 ስህተት ነው?

ጥቁር_መስኮት · ጠዋት 4፡02

ስህተት አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ ቆንጆው መስመር እሱ ነው። ጣትሽ ሲያርፍ ከርነሉ መታወቂያ ይሰጠዋል፤ 412። እስክታነሺው ድረስ በዚያ ቁጥር ይከታተለዋል። ስታነሺው -1 ይላል፤ «ሄዷል» ማለት ነው። የሚቀጥለው ጣት 413 ይሆናል። -1 ሳይመጣ የሚቀር ተች ካየሽ እሱ ነው የታመመው። ጣት ተነስቶም «ተጭኗል» ብሎ ያስባል፤ ስክሪኑም የተጣበቀ ይመስላል።

ሲን ሪፖርት ማለት «ይህን ጨርሻለሁ፣ አሁን አንብቡኝ» ማለት ነው። የዓረፍተ ነገር አራት ነጥብ በይው።

መሀል ላይ ነክተሽ 2031 እና 2077 ካለ የ4095 ግማሽ ገደማ ነው። ልክ ነው። አራቱን ጥጎች ንኪና ቁጥሩን ንገሪን። ከዚያ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ሰያፍ መስመር ስቢ። ቁጥሩ ሳይቆራረጥ መጨመር አለበት። በመሀል ዘሎ ከሄደ እዚያ ቦታ ላይ መስታወቱ ችግር አለበት።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጥሽ። ዋጋው ካልተቀየረ ከርነሉ አይደግመውም። ሁለቴ አንድ ቦታ ከነካሽ በሁለተኛው ጊዜ ኤክስ ላይታይ ይችላል። ጠፍቶ አይደለም፤ «እንደቀድሞው ነው» ማለቱ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ደህና ስክሪን ፈታትቻለሁ።

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ጠዋት 4፡20

ጥጎቹ፦ 38 እና 41፣ 4058 እና 35፣ 44 እና 4049፣ 4061 እና 4052። መስመሩም አልተቆራረጠም። ስለዚህ ስክሪኑ ጤነኛ ነው?! ለአክስቴ ሄጄ ነገርኳት። «ታዲያ ማኪያቶዬን ማን አዘዘው?» አለችኝ።

ጥቁር_መስኮት · ጠዋት 4፡41

ማኪያቶው ይቆይ፤ መጀመሪያ ቦታ መሳቱን እንጨርስ። የሁለቱ ስክሪኖች መጠን ስንት ነው?

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ጠዋት 4፡44

ተቹ 1024 በ768። የኩሽናው 1920 በ1080። ተቹ በግራ ነው የተቀመጠው።

ጥቁር_መስኮት · ጠዋት 5፡10

ተገኘ። ለግራፊክሱ ክፍል ሁለቱ ስክሪን ተደምረው አንድ ትልቅ ሰሌዳ ናቸው። ወርዱ 1024 ሲደመር 1920፣ 2944 ይሆናል። ቁመቱ 1080። ተቹ ግን ከየትኛው ስክሪን ላይ እንደተለጠፈ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ የራሱን 4095 በሙሉ በ2944ቱ ላይ ዘረጋው። መሀሉን ስትነኪ የ2944 ግማሽ፣ 1472 ላይ ያርፋል። ያ ደግሞ ከድንበሩ 448 ነጥብ ያለፈ ነው፤ ኩሽና ገብተሻል። ከስክሪንሽ አንድ ሦስተኛውን ትንሽ አልፈሽ የነካሽው ሁሉ ኩሽና ነው። ላይኛው ግራ ጥግ ብቻ የታዘዘሽም ለዚህ ነው፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው።

ኤክስራንደር ብለሽ የተቹን ስክሪን ስም እይ፤ ኤችዲኤምአይ-1 ነው እንበል። ኤክስኢንፑት ሊስት ብለሽ የተቹን ቁጥር እይ፤ 11 ነው እንበል። ይህ ቁጥር ከኢቨንት ቁጥሩ ጋር አንድ አይደለም፤ እንዳይምታታብሽ። ከዚያ፦ ኤክስኢንፑት ማፕ-ቱ-አውትፑት 11 ኤችዲኤምአይ-1።

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ጠዋት 5፡16

ሠራ!!!! አንድ መስመር! ለአንድ መስመር ነው አዲስ ስክሪን ልንገዛ የነበረው!

ሲልቨር_ስፕሪንግ_301 · ማክሰኞ ከሰዓት 9፡30

እዚህ አሜሪካ ገና በማለዳ ነው የማነበው፤ ክሩ ደስ ስላለኝ ልግባ። እኛ ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ልጆች መመዝገቢያ ሠርተናል፤ ራስቤሪ ፓይ (ትንሽዬ ኮምፒውተር) ከራሱ 7 ኢንች ተች ጋር። የሳጥኑ ሠሪ ሽቦው በላይ እንዲወጣ ብሎ ስክሪኑን ገልብጦ ገጠመው። ምስሉን አዞርን፤ ተቹ ግን አልዞረም። ልጆቹ «አዎ» ሲሉ «አይ» ይመዘገባል። ኤክስኢንፑት ስል ደግሞ ዌይላንድ (ምስሉን የሚያስተዳድረው አዲሱ ሥርዓት) ስለሆነ «ኤክስዌይላንድ-ፖይንተር» ከሚል ስም በቀር ምንም አያሳየኝም።

ጥቁር_መስኮት · ከሰዓት 10፡05

ዌይላንድ ላይ ኤክስኢንፑትን እርሳው። እሱ የሚያየው መጋረጃውን እንጂ መሣሪያውን አይደለም። ሱዶ ሊብኢንፑት ሊስት-ዲቫይስስ በል። ለመፈተን ደግሞ ሱዶ ሊብኢንፑት ዲበግ-ኢቨንትስ፤ የጥቅሉ ስም ሊብኢንፑት-ቱልስ ነው። ስትነካ «ተች ዳውን»፣ ስታነሳ «ተች አፕ» ይልሃል፤ ቦታውንም በመቶኛ ጭምር ያሳያል።

ለመገልበጡ በዩዴቭ (መሣሪያ ሲሰካ የሚያስተናግደው የሊኑክስ ክፍል) ደንብ ፋይል ውስጥ ሊብኢንፑት_ካሊብሬሽን_ማትሪክስ የሚለውን በስድስት ቁጥር ትሞላዋለህ፦ -1 0 1 0 -1 1። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስለ ኤክስ ናቸው፤ «ገልብጠውና አንድ ሙሉ ወርድ መልሰው» ማለት ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ለዋይ ያንኑ ያደርጋሉ። ኤክስ እና ዋይ ቦታ ከተቀያየሩ ደግሞ 0 1 0 1 0 0 ነው። ከዚያ ሽቦውን ነቅሎ መሰካት፣ ካልሆነም አጥፍቶ ማስነሳት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_301 · ማታ 1፡20

አጥፍቼ አስነሳሁት፤ ሠራ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሁለት ሳምንት «አልመጣም» ተብለው የተመዘገቡ ልጆች ሁሉ መጥተው ነበር ማለት ነው።

ፔንግዊን_በሸዋ · ማታ 1፡45

በነገራችን ላይ ሁልጊዜ ሱዶ ማለት ከሰለቻችሁ ራሳችሁን «ኢንፑት» የሚባለው ቡድን ውስጥ አስገቡ። አንዴ ነው፤ ከዚያ ኢቭቴስት ያለ ይለፍ ቃል ይከፈታል።

ጋሽ_ብየዳ · ማታ 2፡10

ልጄ፣ ይህን ምክር ለካፌ ኮምፒውተር አትስጥ። እዚያ ቡድን ውስጥ የገባ ሰው የሚከፍተው ማንኛውም ፕሮግራም ኪቦርዱንም ያነባል። ካሸሯ ይለፍ ቃል ስትጽፍ እያንዳንዱን ፊደል ማለት ነው። ሱዶ ማለት ቢሰለችም ይሻላል።

ፔንግዊን_በሸዋ · ማታ 2፡14

እውነትዎን ነው ጋሼ። በራሴ ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ አላሰብኩትም ነበር። ያልኩትን እተወዋለሁ።

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ረቡዕ ጠዋት 2፡40

ተመልሼ መጣሁ። ሌሊት አጥፍተው ጠዋት ሲያስነሱት ተቹ ወደ ኩሽና ተመልሷል። ቁጥሩም 11 የነበረው 12 ሆኗል።

ጥቁር_መስኮት · ጠዋት 2፡58

ያ ትዕዛዝ ለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ዙቡንቱ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተሽ ሲነሳ ከሚጀምሩት ፕሮግራሞች መሀል ጨምሪው። በቁጥሩ ቦታ ስሙን በጥቅስ ውስጥ አድርጊ፤ ከስሙ ፊት ፖይንተር እና ሁለት ነጥብ ጨምሪበት። ማውስ መሳዩ መንታውም በዚያ ስም ከመጣና «ሁለት አገኘሁ» ካለሽ ጻፊልኝ፤ ለእሱም ዘዴ አለ። የተቹ ዩኤስቢ ተነቅሎ ከተሰካም ትዕዛዙ ይረሳል። ሽቦውን ማንም እንዳይነካ በፕላስተር አጣብቂው።

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ጠዋት 3፡30

ሁለት አላለኝም፤ ሠርቷል። አሁን ወደ ማኪያቶው። ዛሬም 6 ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ 3 ስፕሪስ ገባ። አይቼዋለሁ፤ ካሸሯ እጇን አጣምራ ነበር።

ጋሽ_ብየዳ · ጠዋት 3፡52

ጠዋት 3፡30 ላይ ሆነሽ ስለ 6 ሰዓቱ መብራት ታወሪያለሽ?

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ጠዋት 3፡55

ይቅርታ ጋሼ፤ የትናንቱን 6 ሰዓት ማለቴ ነው። እንቅልፍ የለኝም።

ጋሽ_ብየዳ · ጠዋት 4፡25

«መብራት ሲሄድ» ማለትሽ ጥሩ ፍንጭ ነው። ጄኔሬተር አላችሁ?

እንዲህ ነው ነገሩ። ይህ ዓይነቱ ተች መጫንን አይደለም የሚለካው። መስታወቱ ሥር ያሉት ስስ መስመሮች ላይ ጣት ሲቀርብ የሚፈጠረውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው የሚያዳምጠው። አዳፕተሩ ርካሽ ከሆነ ወይም ኤክስቴንሽኑ የመሬት ሽቦ ከሌለው ኃይሉ ጫጫታ ይዞ ይገባል። ተቹ ጫጫታውን ከጣት መለየት ያቅተዋል። ጥገና ቤት የሚመጣልኝ «ሰይጣን ገባበት» የሚባል ተች፣ አብዛኛው ሲፈተሽ አዳፕተር ነው።

ግን አትገምቺ። ኢቭቴስቱን ከፍተሽ የሚለውን ሁሉ ፋይል ውስጥ እንዲጽፍ አድርጊና ቀኑን ሙሉ ተዪው። ሱዶ ኢቭቴስት ከመሣሪያው መንገድ ጋር፣ ከዚያ ቀጥ ያለ ሰረዝ፣ ከዚያ ቲ እና የፋይል ስም። እያንዳንዱ መስመር ሰዓት አለው። ረጅም ቁጥር ሆኖ ታዪዋለሽ፤ ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው። ዴት -ዲ ብለሽ @ ካስቀደምሽበት ወደ ሰው ሰዓት ይመልስልሻል። ኮምፒውተሩ 13፡10 ሲል በእኛ 7፡10 መሆኑን እንዳትረሺ።

አክስትሽ ደግሞ ወረቀት ትያዝ። መብራት የሄደበትን፣ ጄኔሬተር የተነሳበትን፣ ያልታዘዘ ነገር የገባበትን ሰዓት ትጻፍ። ማታ ሁለቱን አስተያዩ።

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ሐሙስ ማታ 3፡05

ጋሼ፣ እጅዎን ልሳም።

አክስቴ ትናንት «ጄኔሬተር 7፡10» ብላ ጽፋለች። ፋይሉ ውስጥ 13፡10 ከ22 ሰከንድ ላይ ይጀምራል። ትራኪንግ አይዲው 588፣ 589፣ 590 እያለ በ4 ሰከንድ ውስጥ 31 ጊዜ ይነካል፤ ይነሳል። ሁሉም ከቀኝ ጠርዝ፣ ኤክስ ከ3900 በላይ። ማንም እዚያ አካባቢ አልነበረም። መብራት ከመጣ በኋላ አንድም የለም።

የስክሪኑን አዳፕተር አየሁት። ስክሪኑ ሲገዛ አብሮት የመጣው አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ የተተካ ነው። ከቤት የራሴን ሞኒተር አዳፕተር አመጣሁ። ቮልቱም አምፔሩም አንድ ነው፤ አመሳክሬያለሁ። ዛሬ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ ተነሳ። ፋይሉ ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ዛሬም ጠዋት 1፡35 ላይ 9 ማኪያቶ ገብቷል። መብራት አልሄደም፤ ጄኔሬተርም የለም። አዳፕተሩ ደግሞ አዲሱ ነው።

ጥቁር_መስኮት · ማታ 3፡20

የ1፡35ቱን መስመሮች አምጪ። በተለይ «ስሎት» የሚለውን።

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ማታ 3፡41

ስሎት 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ሁሉም አንድ ላይ። ኤክሱ ከ300 ተነስቶ እስከ 3800 ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ 300 ይመለሳል። ዋዩ ትንሽ ወረድ ይላል። እንደገና ወደ ቀኝ። እንደገና ወደ ግራ። 40 ሰከንድ ያህል።

ጋሽ_ብየዳ · ማታ 3፡44

ልጄ፣ ያ ጨርቅ ነው።

ጥቁር_መስኮት · ማታ 3፡46

😂 እያንዳንዱ ስሎት አንድ ጣት ነው። ስድስት ጣት ተሰልፎ ከጫፍ ጫፍ የሚመላለስ፣ እየወረደ የሚሄድ... እርጥብ ጨርቅ ነው። ጠዋት ስክሪኑን የሚያጸዳው ማነው?

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ማታ 3፡52

አክስቴ። በየቀኑ። ከፍታ ስትገባ። ፕሮግራሙ ማኪያቶ የሚለውን ቁልፍ መሀል ላይ ትልቅ አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

ፔንግዊን_በሸዋ · ማታ 3፡55

ወንጀለኛው ከቤት ተገኘ።

ጥቁር_መስኮት · ማታ 4፡03

መፍትሔው ቀላል ነው። ኤክስኢንፑት ዲስኤብል ከተቹ ስም ጋር ያጠፋዋል፤ ኤክስኢንፑት ኢኔብል ይመልሰዋል። ሁለቱን በኪቦርዱ ላይ ለሁለት ቁልፍ ስጪያቸው። ማጽዳት ሲጀመር ኤፍ9፣ ሲያልቅ ኤፍ10።

ላፕቶፔ_ተናደደ · አርብ ጠዋት 4፡10

የሰው ክር ውስጥ ገባሁ ይቅርታ። ተችፓዴ በሁለት ጣት አያንሸራትትም። ዝርዝሩ ውስጥ «ፒኤስ/2 ጀነሪክ ማውስ» ብሎ ነው የሚያሳየው፤ ባሱ 11።

ጥቁር_መስኮት · ጠዋት 4፡18

ከርነሉ ተችፓድ መሆኑን አላወቀም፤ ተራ ማውስ መስሎታል። ስለዚህ ሁለተኛውን ጣትህን ጭራሽ አያየውም። ሴቲንግስ ውስጥ ስትፈልግ አትዋል። የላፕቶፑን ሞዴልና የከርነልህን ቁጥር ይዘህ አዲስ ክር ክፈት፤ እዚያ እንገናኝ።

ሳር_ቤት_ማኪያቶ · ቅዳሜ ጠዋት 2፡20

የመጨረሻ ዜና። ኤፍ9 እና ኤፍ10 ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በብዕር «ማጽጃ» እና «ሥራ» ብዬ ጻፍኩባቸው። አክስቴ ዛሬ 1፡35 ላይ ኤፍ9 ተጫነች፣ ስክሪኑን አንጸባረቀችው፣ አንድም ማኪያቶ አልገባም። ከዚያ ኤፍ10 መጫን ረሳች። 2 ሰዓት ላይ ደውላ «ተቹ ሞቷል» አለችኝ።